ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን ግርዶሹን አየነው

የፀሐይ ግርዶሽ ሲመጣ ሁሉም ሰው «በምን ልየው?» ብሎ ይጠይቃል። የእኔ ጭንቀት ግን ልጆቹ ነበሩ። ልጅን «ቀና እንዳትል» ማለት ቀና በል እንደማለት ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስከለክል ከምውል፣ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥን የሚያስረሳ ነገር ላዘጋጅላቸው ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ አደጋው ምን እንደሆነ ራሴ በደንብ ማወቅ ነበረብኝ። ብዙ ሰው በግርዶሽ ቀን ፀሐይ የተለየ ጨረር የምትረጭ ይመስለዋል። አትረጭም። ያቺው የዘወትሯ ፀሐይ ናት። የሚለወጠው የእኛ ዓይን ነው። በሌላ ቀን ፀሐይን አፍጥጠን ልንያት ብንል ዓይናችን ያለቅሳል፣ ይጨፈናል፣ ሳናስበው ፊታችንን እናዞራለን። ጨረቃ አብዛኛውን ክፍል ስትሸፍን ግን ዙሪያው ይደበዝዛል፣ ዓይን አይቆጠቁጥም፣ ብሌናችንም ይሰፋል። የቀረችው ማጭድ የመሰለች ቀጭን ብርሃን ግን ኃይሏ አልቀነሰም። ሬቲና ላይ (ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ባረፈችበት ቦታ እንደ ሙሉዋ ፀሐይ ታቃጥላለች። ማየት ሲመቸን ነው እንግዲህ መጠንቀቅ ያለብን።

የሚያሳዝነው ደግሞ ሬቲና ሕመም አይሰማውም። ሰው ዓይኑ ሲቃጠል አያውቅም። ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ሊያነብ ሲል ፊደሉ መሃል ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይቀመጥበታል፣ ቀጥ ያለው መስመር ይጣመምበታል። አንዳንዱ በወራት ውስጥ ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ግን ጉዳቱ አብሮት ይኖራል። ለዚህ ነው ነገሩን ቀለል አድርጌ ማየት ያልቻልኩት።

ረዘም ያለ ካርቶን ፈለግሁ። በአንዱ ጫፍ ትንሽ መስኮት ቆርጬ ፎይል ለጠፍኩበትና መሃሉን በመርፌ ወጋሁት። በተቃራኒው ጫፍ፣ ከውስጥ በኩል፣ ነጭ ወረቀት ለጠፍኩ። ከዚያ ወረቀቱን ለማየት የሚበቃ ክፍተት በጎን በኩል ከፈትኩ። በቃ፣ ይሄው ነው። ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ፎይሉን ወደ ፀሐይ ማዞር ነው። ማነጣጠሩ እንዳያስቸግር መሬት ላይ ያለውን የካርቶኑን ጥላ ተመልከቱ፤ ጥላው በጣም ሲያንስ አቅጣጫው ልክ ነው ማለት ነው። ወዲያው ወረቀቱ ላይ ጎኗ የተገመጠ ትንሽ ፀሐይ ታርፋለች።

ካርቶኑ መርዘም ያለበት ምክንያት አለው። የምስሏ ስፋት ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ ካለው ርቀት አንድ መቶኛ ገደማ ነው። ርቀቱ አንድ ሜትር ከሆነ ፀሐይቱ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ትሆናለች። በጫማ ካርቶን ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ልጅ ደግሞ ያንን አይቶ አይደሰትም። ቀዳዳውን ማስፋት መፍትሔ አይደለም፤ ብርሃኑ ይጨምራል፣ ምስሉ ግን ይደበዝዛል። ለልጆቹ ደጋግሜ የነገርኳቸው ሌላው ነገር፣ በቀዳዳው በኩል ፀሐይን ማየት ክልክል መሆኑን ነው። የሚታየው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ልባችንን የሰረቀው ግን ካርቶኑ ሳይሆን ዛፉ ነበር። በቅጠሎች መሃል ያለው እያንዳንዱ ክፍተት የመርፌ ቀዳዳውን ሥራ ይሠራል። በአዘቦት ቀን ዛፍ ሥር የምናያቸው ክብ ክብ ብርሃኖች የፀሐይ ምስሎች ናቸው፤ ልብ ስለማንላቸው ነው። ነጭ አንሶላ መሬት ላይ ስናነጥፍ አንሶላው በትንንሽ ማጭዶች ተሞላ። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም አብረው ይርገበገባሉ። ልጆቹ እጃቸው ላይ ሊይዟቸው ይሯሯጡ ነበር። ቀና ያለ ልጅ አላየሁም። ዛፍ ከሌለ ቀዳዳ ያለው ማጥለያ ወይም ፍርግርግ የተደረጉ የሁለት እጅ ጣቶች ያንኑ ያሳያሉ።

የግርዶሽ መነጽርም ነበረን፣ ቀጥታ ማየት ለሚፈልጉ አዋቂዎች። አይኤስኦ 12312-2 የሚል ምልክት (ፀሐይን በቀጥታ ለማየት የሚሠሩ መነጽሮች ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው) ሊኖረው ይገባል፤ ምልክቱን ማንም ሊያትመው ስለሚችል ግን በእሱ ብቻ አልረካሁም። ቤት ውስጥ አድርጌ ሞከርኩት። ትክክለኛው መነጽር ሲደረግ ምንም አይታይም፤ በጣም ኃይለኛ አምፖል ብቻ ደብዘዝ ብሎ ቢታይ ነው። የተጫረውን ደግሞ ማንም እንዳያነሳው በመቀስ ቆርጬ ጣልኩ። ሲደረግ አቀርቅሮ፣ ሲወልቅም አቀርቅሮ ነው።

አንድ ጎረቤት የራጅ ፊልም ይዘው መጡ። «ጋሼ፣ ይሄ ያጨልማል እንጂ አይከላከልም» አልኳቸውና መነጽሩን ሰጠኋቸው። ቅር አላላቸውም። የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ ሲዲ፣ የተደራረበ የፀሐይ መነጽር ሁሉም አንድ ናቸው፤ ዓይንን ያዘናጋሉ እንጂ የማይታየውን ጨረር በሚገባ አያስቆሙም። የብየዳ መስታወትም የጥቁረት ቁጥሩ ከ12 በታች ከሆነ አይሆንም። በግርዶሽ መነጽር ላይ ባይናኩላር ወይም ቴሌስኮፕ መደረብ ከሁሉም የከፋ ነው። ሌንሱ የሰበሰበው ሙቀት ማጣሪያውን አቃጥሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ማጣሪያው መግጠም ያለበት ከፊት፣ በሌንሱ አፍ ላይ ነው።

እኛ ያየነው ከፊል ግርዶሽ ስለነበር መነጽር የሚወልቅበት ሰዓት አልነበረም። ጨረቃ የፀሐይን መሃል ሸፍና ዙሪያዋን እንደ ቀለበት በምትተውበት በቀለበት ግርዶሽም እንደዚያው ነው። በባዶ ዓይን ማየት የሚቻለው በሙሉ ግርዶሽ፣ ፀሐይ ጨርሳ በተሸፈነችባቸው ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ እነሱም ቢበዛ ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ ናቸው። የመጀመሪያዋ የብርሃን ጠብታ ብቅ ስትል መነጽሩ ወዲያው መመለስ አለበት።

ረጅም ሙሉ ግርዶሽ የሚጠብቅ ሰው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2027) ይያዝ። የጨረቃ ጥላ ከደቡብ ስፔን በሰሜን አፍሪካ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና የመን ያልፋል፤ ግብፅ ሉክሶር አካባቢ ጨለማው ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ከጥላው መስመር ውጭ ሆኖ ከፊሉን የሚያይ ሰው ግን መነጽሩን እስከ መጨረሻው አያውልቅ። መነጽሩንም ቀደም ብሎ ይግዛና ቤቱ ይሞክረው።