በቡዊንዲ ደን በድንኳን ማደር፦ ከፈቃዱ እስከ ሸራው

በዩጋንዳ ደቡብ ምዕራብ፣ ከኮንጎ ድንበር አጠገብ ባለው የቡዊንዲ ደን ውስጥ ማደር የሚሻ ሰው ከማረፊያው ፎቶግራፍ መጀመር የለበትም። አስቀድሞ መያዝ ያለበት የጎሪላ መጎብኛ ፈቃድ ነው። የሚሰጠው የዩጋንዳ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለውጭ አገር ጎብኚ ዋጋው 800 ዶላር ነው። ሩዋንዳ ለተመሳሳይ ጉብኝት 1,500 ዶላር ታስከፍላለች። እኔ ዩጋንዳን የመረጥኩት በዚህ ልዩነት ነው፤ የተረፈውን ገንዘብ ለድንኳኑ አዋልኩት።

ፈቃዱ ለአንድ የደኑ ክፍል ብቻ ያገለግላል፤ ለቡሆማ፣ ለሩሂጃ፣ ለሩሻጋ ወይም ለንኩሪንጎ። በካርታ ላይ ጎረቤት ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ግን ገደላገደልና ጭቃ አለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና ለመድረስ ሰዓታት ያስፈልጋሉ። ጉብኝቱ የሚጀምረው ደግሞ በማለዳ ነው። ስለዚህ ቡሆማን አስጽፌ ድንኳኑንም እዚያው ያዝኩ። ከአዲስ አበባ እንቴቤ፣ ከእንቴቤ በትንሽ አውሮፕላን ኪሂሂ፣ ከዚያ በመኪና ቡሆማ ደረስኩ። ትንሿ አውሮፕላን ከ15 ኪሎ ብዙም ያልበለጠ፣ ያውም ለስላሳ ሻንጣ ብቻ ስለምትቀበል እቃ ሲሸከፍ ይህ መታሰብ አለበት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው፤ የወባ መከላከያ መድኃኒትም ከሐኪም ጋር ተመካክሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ድንኳን ሲባል ልጅ ሆነን ለሽርሽር የምንተክለው ዓይነት አይደለም። ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት የተሠራ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ሸራ ነው፣ መስኮቱ የትንኝ መረብ ነው። ከላይ ሁለት ጣሪያ አለው፤ የውጪው ዝናቡን ይቀበላል፣ በሁለቱ መካከል ነፋስ ስለሚያልፍ ውስጡ አይታፈንም። ጠንካራ አልጋ፣ የሞቀ ውሃ፣ የመታጠቢያ ገንዳ፣ ሁሉም አለ። ሆኖም እንዲህ ያለ አልጋ በማንኛውም ትልቅ ከተማ ይገኛል። የከፈልኩበት ነገር የግንቡ አለመኖር ነው። በሆቴል ክፍል ደንን በመስኮት እናየዋለን፤ በሸራ ውስጥ ግን ደኑ ራሱ ይገባል። ዝናቡ ሲመጣ ገና ከሩቅ፣ ከሸለቆው ማዶ ይሰማል። ቅጠል ለቅጠል እየተቀባበለ ደርሶ ሸራው ላይ ሲያርፍ ሰውነት ሁሉ ነው የሚያዳምጠው።

ምሽቱ በምድር ወገብ አካባቢ ድንገት ነው የሚወርደው። ከጨለመ በኋላ ያለ ጠባቂ ከድንኳን መውጣት ክልክል ነው፤ በደኑ ውስጥ ዝሆንም አለና ደንቡ የይስሙላ አይደለም። ሌሊት የመጀመሪያውን ጩኸት ስሰማ ሰው የተጎዳ መስሎኝ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ጠባቂው ጠዋት እንደነገረኝ የጮኸው የዛፍ ሽኮኮ ነው። እኛ አገር ከድንጋይ ላይ ፀሐይ የምትሞቀዋ ሽኮኮ ዘመድ እንዲህ ያለ ድምፅ ይኖራታል ብሎ ማን ያስባል! ከዚያ በኋላ ባለው ሌሊት ድምፁን ናፍቄ ነው የጠበቅኩት።

ስለ ልብስ የምለው አጭር ነው። በዚያ እርጥበት ጂንስ አይደርቅም። ቶሎ የሚደርቅ ረጅም ሱሪና እጀ ረጅም ሸሚዝ፣ ጉንዳን እንዳይገባ ሱሪው የሚታሰርበት ረጅም ካልሲ፣ ለሳማውና ለእሾሁ ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል። ለማደሪያ አንድ ሙሉ ልብስ በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ከሁሉም ይበልጣል።

ወደ ጎሪላዎቹ ስንሄድ ተሸካሚ ቀጠርኩ። ጉልበት ያለው ሰውም ቢሆን እንዲቀጥር አጥብቄ እመክራለሁ። ክፍያው 20 ዶላር ገደማ ነው፣ ገንዘቡም በቀጥታ ለመንደሩ ሰው ይደርሳል፤ ከተሸካሚዎቹ መካከል ቀድሞ በደኑ ወጥመድ ያጠምዱ የነበሩ አሉ። ለአንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን ስምንት ጎብኚ ብቻ ይፈቀዳል፣ አብሮ መቆየት የሚቻለውም አንድ ሰዓት ነው። ጭምብል ይደረጋል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመለሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሰው በሽታ ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በቡዊንዲ ጎሪላዎች ላይ እከክ ሲነሳ የእንስሳት ሐኪሟ ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካ ምንጩን ስትከታተል የደረሰችው በደኑ ዙሪያ ከሚኖሩ ድሆች ነው። ሕዝቡ ካልታከመ ጎሪላውም እንደማይድን ከዚያ ተረዳች፤ በኋላም ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠብቅ ድርጅት መሠረተች። እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገው ቆጠራ በቡዊንዲና ከኮንጎ በኩል በሚዋሰነው የሳራምብዌ ደን 459 የተራራ ጎሪላዎች ተገኝተዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሐሳቤን የያዘው የባትዋ ሕዝብ ነገር ነው። በዚህ ደን በአደንና በማር ቆረጣ ይኖሩ የነበሩት እነርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ደኑ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ወጡ፤ አብዛኞቹ ምትክ መሬት አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2021 የዩጋንዳ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በደል እንደተፈጸመባቸው አምኖ ፈርዶላቸዋል። እኔ በብዙ ዶላር ለጥቂት ሌሊት የተከራየሁት ቦታ ቤታቸው ነበር። ይህን አውቆ ደስ ብሎት የሚተኛ ሰው ካለ አልፈርድበትም፤ ለእኔ ግን ቀላል አልነበረም። ከአንድ አረጋዊ ባትዋ ጋር በደኑ ዳር ስንሄድ የትኛው ቅጠል ለሆድ ሕመም እንደሚሆን፣ ንብ የት እንደምትሰፍር አሳዩኝ። እጃቸው ቅርፊቱን ሲነካ እውቀቱ ገና ሕያው መሆኑ ይታያል። የቡዊንዲ ማኅበረሰብ ሆስፒታልም የተጀመረው እነዚህን ሰዎች በዛፍ ጥላ ሥር በማከም ነው፤ ዛሬ የአካባቢው ሕዝብ ሁሉ ይታከምበታል።

ብዙ እንግዳ ጎሪላ ባየ ማግስት ይሄዳል። እኔ ምንም ዕቅድ የሌለው ቀን ጨመርኩ፤ ከጉዞው ሁሉ የጠቀመኝም እርሱ ነው። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ከድንኳኑ በረንዳ ሆኜ አየሁ፣ በእግሬ ወደ መንደሩ ወረድኩ፣ የአካባቢውን ገበሬዎች ቡና ገዛሁ። ለጎሪላ አንድ ቀን፣ ለደኑና ለሰዎቹ ሌላ ቀን መመደብ ይገባል። ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ ውድ ድንኳን ለአንድ ሌሊት ከመያዝ ርካሹን ለሁለት ሌሊት መያዝ ይሻላል።

ማረፊያውን ከመምረጤ በፊት ለሦስት ባለቤቶች ተመሳሳይ ጥያቄዎች ጻፍኩ፦ ከሠራተኞቻችሁ ምን ያህሉ የቡሆማ ሰዎች ናቸው? አትክልቱን ከማን ትገዛላችሁ? የመታጠቢያው ፍሳሽ የት ይሄዳል? እንግዶችን ወደ ባትዋዎች ስትወስዱ ክፍያው በማን እጅ ይገባል? አንደኛው የዋጋ ዝርዝር ብቻ ላከልኝ። ሌላው ጨርሶ አልመለሰም። ሦስተኛው አንድ በአንድ መለሰ፤ ገንዘቤን የከፈልኩት ለእርሱ ነው።