የአልጋው ዳር ደብተር፦ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ቤት ሲገባ

በሽተኛው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲገባ የጠያቂው ሁሉ ጥያቄ «እግሩ ተንቀሳቀሰ?» ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የአስታማሚ ደብተር የሚሞላው በቆዳና በሽንት ነው። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን በ1944 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ህብለ ሰረሰራቸው (በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ለተጎዳ ሰዎች ክፍል ሲከፍት እንዲህ ያሉ ጉዳተኞችን በብዛት የሚገድለው የአልጋ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። እሱም ሌት ተቀን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥን አስገባ። የቤቱም ሥራ ከዚሁ ይጀምራል።

ግራ ጎን፣ ጀርባ፣ ቀኝ ጎን። አከርካሪው ገና ካልጸና ትከሻና ዳሌ እኩል ይዞራሉ፣ እንደ ግንድ። በጎን ሲተኛ በዳሌው አጥንት ላይ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጀርባው በትራስ ተደግፎ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል። አንድ ትራስ በጉልበቶቹ መሃል፣ ሌላው ከባቱ ሥር ሆኖ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ይደረጋል። ውሃ የተሞላ ጓንት ተረከዝ ሥር ማድረግ የተለመደ ቢሆንም አይጠቅምም፤ ቀለበት ትራስ ደግሞ ዙሪያውን ተጭኖ ደም ያግዳል። ወደ ላይ ለማውጣት አይጎተትም፣ ቆዳው ይላጣል፤ የታጠፈ አንሶላ ከሥሩ ገብቶ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ያነሳዋል።

ጠዋትና ማታ የጅራት አጥንቱ፣ የመቀመጫው፣ የዳሌውና የተረከዙ ቆዳ ይታያል። በጠይም ቆዳ ላይ «ቀይ» መፈለግ ያሳስታል። ዙሪያውን ከበው ካሉት ቦታዎች የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የጠቆረ ነገር ካለ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው፤ እስኪጠፋ ድረስ በዚያ ቦታ መተኛት የለም። ማሸትም ያባብሰዋል። (የቡና ከሰል ምድጃ ከእግሩ ይራቅ፤ ስሜት የሌለው እግር ቢቃጠልም አይጮኽም።) ዊልቸር ላይ ሲቀመጥ ደግሞ በየ15–30 ደቂቃው ለ2 ደቂቃ ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ማዘንበል አለበት።

ሽንት በየ4–6 ሰዓቱ በሚገባና በሚወጣ ካቴተር (እስከ ፊኛ በሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ) የሚቀዳ ከሆነ ሰዓቶቹን ከማገላበጡ ጋር ማስማማት ይቻላል፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 10፣ ማታ 4፣ ሌሊት 8። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ማለስለሻው ቫዝሊን ሳይሆን በውሃ የሚታጠብ ጄል ነው። መጠኑ ተለክቶ ይጻፋል። ለምሳሌ 420፣ 380፣ 610 ሚሊ ሊትር ቢመዘገብ ሦስተኛው በአንድ ጊዜ ሊታለፍ ከማይገባው 500 በልጧል፤ ምናልባት ከምሳ በኋላ ሻይ ተደጋግሟል። መፍትሔው ቀኑን ሙሉ ውሃ መከልከል አይደለም፣ ፈሳሹን ማከፋፈል ወይም ሰዓቱን ማቀራረብ ነው። ፊኛ ከመጠን በላይ በተለጠጠ ቁጥር ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። ሽንቱ ስለሸተተ ብቻ ወደ አንቲባዮቲክ መሮጥ አያስፈልግም፤ ትኩሳት ወይም ያልተለመደ የጡንቻ መኮማተር ከተጨመረ ግን ያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።

ጉዳቱ 6ኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይህ በትልቁ ይጻፍ፦ ድንገት ራስ የሚፈልጥ ሕመም፣ የፊት መቅላትና ላብ ከመጡ ደም ግፊት እየወጣ ነው። ሳይተኛ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ቀበቶና ጠባብ ልብስ ይፈታ፣ ወዲያው ፊኛው ይታይ። ብዙ ጊዜ ሰበቡ የታጠፈ ቱቦ ወይም የሞላ ፊኛ ነው፣ ቀጥሎ የሆድ ድርቀት። ካልበረደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

መገጣጠሚያዎች በየቀኑ በዝግታ ይንቀሳቀሱ፤ በተለይ ቁርጭምጭሚት ካልታጠፈ ጅማቱ ያጥርና እግሩ ወደ ታች ተዘርግቶ ይቀራል። በኃይል መሳብ ግን ስሜት የሌለውን ጅማት ይበጥሳል፣ የሳሳ አጥንትም ይሰብራል። ወጌሻ መጥቶ ወገቡን ልሳበው ቢል አይፈቀድለት።

ከሳምንታት በኋላ እግሩ በራሱ መዝለል ይጀምር ይሆናል። ቤቱ እልል ይላል፤ ይሁንና አብዛኛውን ጊዜ ከአንጎል ትእዛዝ ውጭ የሚመጣ መኮማተር ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ዓይኑን ጨፍኖ «አውራ ጣትህን አንቀሳቅስ» ይባል፣ ከዚያ «ተው»፣ ሦስት ጊዜ። በትእዛዙ ከተንቀሳቀሰና ከቆመ ቀኑና የትኛው ጣት እንደሆነ ይጻፍ፤ ፊዚዮቴራፒስቱ በቀጠሮው መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን መስመር ነው።