«እጄ ዛለ»፦ አራት ወር ከታትዋ ጋር

ባለፈው እሑድ ቢጫው ካሬ ተከፈተልኝ። አራት ወር ሙሉ ስደበድበው የነበረ በር ነውና ትንሽ ልኩራ።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ የምሠራው የታትዋ ልምምድ ነው። ከህንድ የመጡ አምስት ምልክቶች ናቸው። ቢጫ ካሬ ለመሬት፣ ብርማ ግማሽ ጨረቃ ለውሃ፣ ቀይ ሦስት ማዕዘን ለእሳት፣ ሰማያዊ ክብ ለአየር፣ ጥቁር እንቁላል ለመንፈስ። እ.ኤ.አ. በ1888 ለንደን ላይ የተመሠረተው «ወርቃማው ንጋት» የተባለው የአስማት ማኅበር አባላቱን ያለማምድባቸው ነበር። ምልክቱ ላይ ታፈጣላችሁ፣ ከዚያ ነጭ ግድግዳ ታያላችሁ፣ ተቃራኒው ቀለም ይመጣል። ቢጫው ሰማያዊ ይሆናል። ይሄ የደከመ ዓይን ሥራ እንጂ ተአምር አይደለም። አስማቱ የሚጀምረው ዓይን ተጨፍኖ፣ ምስሉ በር አክሎ፣ ስትገቡበት ነው። ለዚያ ሰውነት ዘና ማለት አለበት፣ አእምሮ ደግሞ መንቃት። ራሴን ሂፕኖታይዝ ማድረግ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ወር ትንፋሽ መቁጠርና በምናቤ የቤት ደረጃ እየቆጠሩ መውረድ ነበር። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ልለፈው።

የኔ ጣጣ እንቅልፍ ነው። ከአሥር ጀምሬ ወደ ታች ስቆጥር አራትን አይቼ አላውቅም። ስነቃ አንገቴ ተጣሟል፣ አፌ ተከፍቷል። መጀመሪያ ጧፍ ላይ ነበር የማፈጠው። አንድ ቀን እንቅልፍ ይዞኝ ሲሄድ ጧፉ ጠረጴዛ ልብሱን በላው። እማዬ እስከዛሬ ጸሎት ላይ ሆኜ ይመስላታል፤ አላስተባበልኩም። ከዚያ ወዲህ ባለቀለም ወረቀት ብቻ ነው የምጠቀመው። እባካችሁ እሳት ይዛችሁ አትሞክሩት።

የሚገርመው፣ «ሂፕኖቲዝም» የሚለውን ስም ያስለመደው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብሬድም በዚሁ ተሸውዷል። ስሙን የወሰደው እንቅልፍ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ግን ነገሩ እንቅልፍ ሳይሆን አንድ ሐሳብ ላይ መሰብሰብ ነው ብሎ ሌላ ስም አቀረበ። ሰሚ አላገኘም። እኔም ዘግይቼ ነው የሰማሁት።

ቀጥሎ የሠዓሊው የሳልቫዶር ዳሊን ዘዴ ሞከርኩ። እሱ ከባድ ቁልፍ በጣቶቹ ይዞ፣ ከሥሩ ሳህን ገልብጦ ነበር የሚያሸልበው። ሲተኛ ቁልፉ ወድቆ ይቀሰቅሰዋል። እኔ ማንኪያና የብረት ትሪ አደረግኩ። ይሠራል! ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው አይሆንም። በሦስተኛው ቀን ከታች ያሉት ጎረቤት «ልጄ፣ ማታ ማታ ምንድን ነው የምትቀጠቅጪው?» አሉኝ።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅኩት ቦታ ነው። የምጠቀመው ጀርመናዊው ሐኪም ዮሐንስ ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1932 ያሳተመውን፣ አውቶጀኒክ የተባለውን ራስን በቃል የማዝናናት ልምምድ ነው። «ቀኝ እጄ ከባድ ነው» እያሉ መደጋገም፣ ቀጥሎ ሙቀት፣ እያለ ይሄዳል። ቃል በቃል ተርጉሜ በራሴ ድምፅ ስልኬ ላይ ቀዳሁት። ግን ባዳመጥኩ ቁጥር ውስጤ «የታለ? አልከበደም እኮ» ይላል። ስከራከር እቆያለሁ፣ ክርክሩ ሲሰለቸኝ እተኛለሁ።

አንድ ቅዳሜ እማዬ ከገበያ ገባች። ዘንቢሉን በሩ ላይ ዘረገፈችና «ወይኔ፣ እጄ ዛለ!» አለች። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዛለ! ከብዶም፣ ላልቶም፣ ጉልበት ከድቶትም፣ ሁሉም በአንድ ቃል። ደግሞ ማንም ሰው «እጄ ዛለ» ሲል «ማስረጃ አምጣ» አይባልም።

ያን ማታ ሁሉንም እንደገና ቀዳሁ። «እጄ ሞቃት ነው» ወጣ፣ «እጄን ሞቀኝ» ገባ። ሞቀኝ፣ ከበደኝ፣ ደከመኝ፦ እነዚህ ሰው የሚሠራቸው ነገሮች አይደሉም፣ ይመጡበታል እንጂ። ሂፕኖሲስም እንደዚያው ነው። ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮችንም ቆረጥኩ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ቀስ ብዬ ስናገር አእምሮዬ ግሡን ሲጠብቅ ይወጠራል። ሦስት ቃል ይበቃል። «አልተኛም» የሚለውንም ሰርዤ «ነቅቻለሁ» አልኩ። «እጅሽ ዛለ» ብዬም ሞክሬ ነበር፤ የራሴ ድምፅ እንደ አክስት ሲቆጣኝ ሳቄ መጣ። «እጄ» ይሻላል።

ስለዚህ የእንግሊዝኛ ቅጂ እያወረዳችሁ የምታዳምጡ፣ ተዉት ነው የምላችሁ። ሰው በደከመው ጊዜ በሚያማርርበት ቋንቋ ነው የሚዝለው። ከበስተጀርባ የሚንቆረቆረው ሙዚቃም እኔን አስተኝቶኛል እንጂ ሌላ ጥቅም አላየሁበትም። ለአንድ የኦንላይን ኮርስ ደግሞ ሁለት ሺህ ብር ከፍዬ ያገኘሁት ሰውዬው ስለ ራሱ ሲያወራ ነው።

ሌላ ምክሬ መደገፊያ የሌለው ዱካ ላይ መቀመጥና ከእራት በፊት መሥራት ነው። በየቀኑ ሥሩ ማለትም ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ባለፈው ወር የተቀመጥኩት አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የሞላሁት ሃያ ሁለት ነው። ለማን እንደምዋሽ አላውቅም።

እሑድ ቡና እስኪፈላ ብዬ ክፍሌ ገባሁ። ካሬውን አፈጠጥኩ፣ ግድግዳውን አየሁ፣ ጨፈንኩ። እጄ ዛለ። ሰማያዊው በር መጣ፣ ገባሁ። የተሰነጣጠቀ ደረቅ መሬት ነበር፣ በባዶ እግሬ ቆሜበት። ውስጥ እግሬን ሞቀኝ። ሌላ ምንም የለም፤ ሰውም ድምፅም አልነበረም። ከአንድ እስከ አምስት ቆጥሬ ወጣሁ። በኔ ግምት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሳሎን ስገባ አቦሉ አልፎኛል፣ እማዬ ቶናውን እየቀዳች ነበር።