የኮክፒቱን ወለል ሁለት ጊዜ ሠራሁት

ጀልባዬን ስሠራ ከሁሉም ቀላል ነው ብዬ የናቅኩት የኮክፒቱን ወለል ነበር። ምን አለው፣ ጠፍጣፋ ፕላይውድ ነው፣ ሁለት ቀዳዳ መብሳት ነው፣ አለቀ። ሁለት ጊዜ ያሠራኝ ግን እሱ ብቻ ነው።

ኮክፒት ማለት መሪ ይዘን የምንቀመጥበት፣ ከኋላ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ነው። ማዕበል ወይም ዝናብ ሲገባበት ውሃው ያለ ፓምፕ እንዲወጣ ወለሉ ከውጭው ውሃ ከፍ ማለት አለበት። ውሃ ሽቅብ አይፈስም።

እኔ ፕላኑ ላይ ከተሰመረው የውሃ መስመር (ጀልባዋ ስትንሳፈፍ ውሃው የሚደርስበት) 8 ሴንቲሜትር ከፍ አደረግኩት። ብቻዬን ስወጣ ደረቅ ነበር። በሳምንቱ ሦስት ጓደኞቼን ይዤ ወጣሁ፤ ሁላችንም ከኋላ፣ ሞተሩም የነዳጅ ታንኩም ከኋላ፣ እናም ማፍሰሻው ማስገቢያ ሆኖ አረፈው! ጫማችን ራሰ። የሚገባው ውሃ ደግሞ ራሱ ክብደት ስለሆነ ይብስ ዝቅ ያደርጋታል።

ቤት ገብቼ ሳሰላው አፈርኩ። ጀልባዋ ውሃው ላይ የምትይዘው ስፋት 5 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 50 ኪሎ በተጫነ ቁጥር 1 ሴንቲሜትር ትወርዳለች። አራት ሰው 300 ኪሎ ብንል፣ 6 ሴንቲሜትር። ይሄም ክብደቱ መሃል ላይ ከሆነ ነው፤ ሰው ኋላ ሲከማች ፊቷ ይነሳና ኋላዋ ከዚያም በላይ ይሰምጣል። ፕላኑ ላይ ያለው መስመር የባዶ ጀልባ ይሁን የተጫነች፣ ጭራሽ አልጠየቅኩም ነበር።

በሁለተኛው ዙር ስሌቱን ተውኩትና ለካሁ። 15 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ሞልቼ ሰው በሚቀመጥበት ደረደርኩ፣ ታንኩን ሞላሁ፣ ውሃው ከኋላ የደረሰበትን በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ከፕላኑ መስመር 11 ሴንቲሜትር በላይ! አዲሱን ወለል ዝቅተኛው ጥጉ ከዚያ ምልክት 7 ሴንቲሜትር ከፍ እንዲል አድርጌ ሠራሁት። (ውሃ ልክ ለዚህ አይረዳም፣ የምትንሳፈፍ ጀልባ መቼ ቀጥ ብላ ትቆማለች።)

ወለሉ 10 ሴንቲሜትር ሲነሳ ታዲያ ጣጣው መቀመጫው ላይ መጣ። መቀመጫውን ባለበት ብተወው ጉልበት አገጭ ሊነካ ነው። ብጨምረው መደገፊያው ያጥራል፣ ክብደታችንም ከፍ ብሎ ጀልባዋን ያወዛውዛታል። ከማጣበቄ በፊት በካርቶንና በጣውላ አስመስዬ ሠርቼ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩበት፤ 6 ሴንቲሜትር ብቻ ጨመርኩ። መደገፊያው አሁን ትንሽ አጠረኝ፣ ግን እግሬ ደረቅ ነው።

ማፍሰሻውም ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። የኮክፒቱ ጉድጓድ 1.8 ሜትር በ0.6 በ0.4 ነው፤ ሲሞላ 430 ሊትር ገደማ፣ ማለትም 430 ኪሎ ኋላዋ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ሁለት ባለ 25 ሚሊሜትር ቱቦ አድርጌ ሞላሁትና ሰዓት ያዝኩ፤ ከ5 ደቂቃ በላይ ፈጀ። በዚያ መሃል ሌላ ማዕበል ቢመጣስ? ወደ 50 ሚሊሜትር ቀየርኩት። የቱቦው ወርድ እጥፍ ሲሆን የአፉ ስፋት አራት እጥፍ ስለሚሆን ደቂቃ ከሩብ ገደማ ውስጥ ባዶ ሆነ። አፉ ላይ የገጠምኳት ቆንጆ ማጣሪያ ፍሰቱን ስታንቀው ጊዜ ነቅዬ ጣልኳት።

ያልተስተካከለ አንድ ነገር አለ። ሰው ሳይኖርባት ኋላዋ ቀለል ሲል የዝናብ ውሃ በወለሉ የፊት ጥግ ላይ ይቋጠራል። እሱን በስፖንጅ እመጠዋለሁ፤ ሦስተኛ ጊዜ ወለል አልፈታም።