«አቁመዋል» ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት

የ7 ቁጥር አልጋ ታካሚ የሳንባ ምች ያስተኛቸው አዛውንት ነበሩ። ሲገቡ ትሕትናቸው ለጉድ ነው። በማግስቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግን ሌላ ሰው ሆነው አገኘኋቸው። የግሉኮሱን መርፌ ነቅለውታል። አንሶላው ላይ ደም ይንጠባጠባል። በጨለማ ጫማቸውን ይፈልጋሉ።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ቤቴ!»

«በዚህ ሌሊት?»

«በዚህ ሌሊት!»

ለመንኳቸው፣ ቆጣም አልኩ። በስንት መከራ ወደ አልጋቸው መለስናቸው። ከዚያ ቻርታቸው ላይ «አስቸጋሪ ባሕሪ» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጠዋት የተረከበችኝ ነባር ነርስ ጽሑፌን አነበበችና ምንም ሳትል ወደ አልጋቸው ሄደች። ትኩሳታቸውንና ኦክስጅናቸውን ለካች። ደህና ነው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ጠዋት ከነቁ በኋላ የመጀመሪያዋን ሲጋራ እስኪለኩሱ ስንት ደቂቃ ይቆያሉ?»

«ምን ደቂቃ አለው? ክብሪቱ ትራሴ ሥር ነው የሚያድረው።»

ዞር ብላ አየችኝ። በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ሱሱ የጠና መሆኑን ተምሬዋለሁ። ካርዳቸው ላይም «በቀን 1 ፓኮ» ይላል፤ አንብቤ አልፌዋለሁ። ደም ውስጥ ያለ ኒኮቲን በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የማቆሙ ጭንቅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ነው። መነጫነጭ፣ መቁነጥነጥ፣ እንቅልፍ ማጣት። እኔ ባሕሪ ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ሐኪሙ ባለ 21 ሚሊግራም የኒኮቲን ፓች፣ ማለትም ቆዳ ላይ ተለጥፎ ኒኮቲን ቀስ በቀስ የሚለቅ ልጣፊ፣ አዘዘላቸው። ክንዳቸው ላይ ደረቅና ፀጉር የሌለበት ቦታ መርጠን ለጠፍን። በየቀኑ ቦታ እንቀያይራለን። ቅዠት ሲያስቸግራቸው ማታ ማታ እናነሳላቸው ጀመር። ተአምር አልነበረም፤ ጫማ ፍለጋው ግን ቀረ። በ9ኛው ቀን ሲወጡ መውጫ ወረቀታቸው ላይ «ሲጋራ አቁመዋል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ያቆምኩት እኔ ይመስል ደስ ብሎኝ ነበር።

በ3ኛው ሳምንት ለቀጠሮ መጡ። ገና ከበሩ ሸተተኝ። እንደሸተተኝም ገባቸው።

«አትቆጪኝ ሲስተር። ያሸነፈኝ ሲጋራው አይደለም። እንቅልፍ ነው።»

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የሰጠናቸው ፓች በጥቂት ቀን አልቋል። ቀጣዩን ከየት እንደሚያገኙ የነገራቸው የለም። ተኝተው ሳሉ ቡና እምብዛም አልቀመሱም፤ ቤት ሲገቡ ወደ ለመዱት 6 ሲኒ ተመለሱ። ልባቸው ይደልቃል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጣሪያ ላይ እንዳፈጠጡ ይነጋል። «ማቆሜ ነው የሚያመኝ ብዬ አንዷን ለኮስኳት» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ጭሱ ሲቀር ጉበት ረጋ ይላል። ያው 6 ሲኒ ደም ውስጥ ይከማቻል። ፓች ይሄን አይመልሰውም፤ ጉበትን የሚያቻኩለው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለምና። (እንደ ክሎዛፒን ያለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒትና እንደ ቴዎፊሊን ያለ የአስም መድኃኒትም በዚሁ ምክንያት መጠናቸው እንደገና መታየት አለበት። ይሄ ደግሞ ከቡና የባሰ ነው።) «ቡናውን በግማሽ ይቀንሱ» ለማለት 5 ሰከንድ አይፈጅም ነበር። አላልኩም።

ለነገሩ አልጋ ላይ ተኝተው አለማጨሳቸው ምን ይገርማል? ክብሪት የለ፣ ትራሳቸው ሥር የሚያድር ነገር የለ። ከሆስፒታል የሚጀመር እርዳታ ውጤቱ በደንብ የሚታየው ከወጡ በኋላ ቢያንስ 1 ወር ሲቀጥል ነው። እኛ በሩ ድረስ ሸኝተን ተመለስን።

እዚያው ዕለት ፓቹን እንደገና አስጀመርናቸው፤ ወደ 14 ሚሊግራም የሚወርዱበትንም ቀን ጻፍንላቸው። አሁን መውጫ ወረቀት ላይ «አቁመዋል» አልልም። «9 ቀን አላጨሱም» እላለሁ፤ ከጎኑ የምደውልበትን ቀን አስቀምጣለሁ። ለእሳቸውም በየሳምንቱ እደውል ጀመር። በአራተኛው ሳምንት ስደውል ሰላምታዬን እንኳን አላስጨረሱኝም።

«26 ቀን ሆነኝ!»

«ጎበዝ አባባ! ቡናውስ?»

«3 ሲኒ፣ እንዳልሽው።» ትንሽ ዝም አሉ። «ሲጋራውስ ይሁን። ቡናዬን ግን መቼ ነው የምትመልሺልኝ?»