ልሰርዛት ነበር

ዛሬ የስልኬን ፎቶዎች ሳጸዳ ሁለት የጨረቃ ምስሎች አገኘሁ። ሁለቱም ሙሉ፣ ሁለቱም ብዥ ያሉ። አንዷን ልሰርዝ ስል ቀኑን አየሁት፤ ሜይ 5፣ 2023።

ለካ የግርዶሽ ማታ ነው! ያን ማታ አንገቴ እስኪዝል አንጋጥጬ «የታለ ግርዶሹ?» ስል እንደነበር ትዝ አለኝ። ጨረቃ በምድር ጥቁር ጥላ ውስጥ ሳይሆን ዙሪያውን ባለው ስስ ጥላ ነው ያለፈችው። እዚያ ሆኖ ለሚያይ ምድር ፀሐይን በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አትጋርድም፤ ስለዚህ ጨረቃ ደብዘዝ ትላለች እንጂ አትጠቁርም። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሳደርጋቸው የአንዷ ጠርዝ ትንፋሽ ያረፈበት መስታወት መስሏል። በቃ ይኸው ነው። (ያን ማታ የተናደድኩት ግን ለጉድ ነበር።)

የገረመኝ ዑደቱ ነው። ከ223 የጨረቃ ወራት በኋላ፣ ማለትም ከ18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ግድም በኋላ፣ ተመሳሳይ ግርዶሽ ይመለሳል። ሳሮስ ይሉታል። በ8 ሰዓቱ ምድር ሲሶ ዙር ስለምትዞር የሚታይበት አካባቢ ይለወጣል። የዚህኛው ታላቅ ወንድም ኤፕሪል 24፣ 2005 ነበር፤ ታናሹ ሜይ 16፣ 2041 ይመጣል። ያኔ ግን ጨረቃ የጥቁሩን ጥላ ጫፍ ነካ ታደርጋለች፤ ትንሽም ብትሆን በዓይን የምትታይ ግርዶሽ!

ፎቶዋን አልሰረዝኳትም። ለ2041 ማወዳደሪያ ትሆነኛለች፣ ስልኩ ከቆየ።