ሆጉ ሲለበስ የሚመጣ ድፍረት፦ ከጅማ የቴኳንዶ ስፓሪንግ ልምዴ

እስካሁን ያካፈልኳችሁ ስለ ቴኳንዶው ፑምሴ (ለብቻ በቅደም ተከተል ስለሚሠራው እንቅስቃሴ) ነበር። ሰማያዊ ቀበቶ ካሰርኩ ወዲህ ግን ልምምዳችን አብዛኛው ስፓሪንግ (ከተጋጣሚ ጋር የሚደረግ ፍልሚያ) ስለሆነ ዛሬ ስለ መከላከያ ዕቃ ላውራ። ቆቺ አካባቢ በምንሠራበት ክበብ ሆጉ (የደረትና የሆድ መከላከያው) እና ሄድጋርድ (የራስ መከላከያው) የጋራ ናቸው። የጥርስና የብልት መከላከያ ግን እያንዳንዱ የራሱን ያመጣል፤ ለምን እንደሆነ መዘርዘር ያለብኝ አይመስለኝም።

ሆጉ ልኩ በቁጥር ነው። ከሰፋችሁ እግር ባነሳችሁ ቁጥር ወደ አገጭ ይወጣል፤ ከጠበባችሁ ጎናችሁ ሳይሸፈን ይቀራል። ከኋላ ካሰሩላችሁ በኋላ ጉልበታችሁን ወደ ደረት ስባችሁ ሞክሩት። ሄድጋርዱን ደግሞ በሁለት እጅ ይዛችሁ ግራና ቀኝ አዙሩት፤ ጭንቅላታችሁ አብሮት ካልዞረ ልካችሁ አይደለም፣ ግጥሚያ መሀል ዓይናችሁን ይሸፍነዋል።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ግን ልኩ አይደለም። ሆጉ የለበሰ ሰው ይደፍራል። ባዶውን ሲሆን በጥንቃቄ የሚርቀው ልጅ ከለበሰ ሆዱን ሰጥቶ ይገባል። መቺውም «ለብሶ የለ?» ብሎ ያለ የሌለ ኃይሉን ይለቀዋል። ሆድ ላይ ሲሆን ግድ የለም፣ ሆጉው የተሠራው ለዚያ ነው። ጭንቅላት ላይ ነው ችግሩ። ሄድጋርድ መሰንጠቅንና እብጠትን ይቀንሳል፣ ወለል ላይ ሲወደቅም ያግዛል፤ አንጎል ራስ ቅል ውስጥ መናወጡን ግን አያስቀርም። አማተር ቦክስ በ2013 እ.ኤ.አ. የወንዶቹን ሄድጋርድ ሲያስወልቅ አንዱ መከራከሪያ ይኸው ነበር፤ በ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክም ወንዶቹ ያለ እሱ ተጋጥመዋል። እኛም እናውልቅ ማለቴ አይደለም፣ የእኛ ምት በእግር ነው። ደግሞ ሰውነት ላይ በቡጢ 1፣ በእግር 2 ነጥብ የሚሰጥ ስፖርት ለጭንቅላት 3 ሲሰጥ ሁሉም ወደ ላይ ያያል። ስለዚህ ጭንቅላቱ ተመትቶ ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው ወይም ግር ያለው ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም የዚያን ቀን አይመለስም፤ ሐኪም ይየው።

አሰልጣኛችን አሁን የስፓሪንጉን የመጀመሪያ ክፍል ያለ ሆጉ ያሠራናል። ምቱ ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብሱን) ነክቶ ይመለሳል፣ ከዚያ በላይ ክልክል ነው። ርቀት መለካት የጀመርኩት በዚህ ነው፤ ሆጉውን ከለበስኩም በኋላ ዓይኔ ያንኑ ርቀት ይፈልጋል። ሌላም ጥቅም አገኘሁበት። እኛ ጋ አብዝቶ የሚያብጠው የተመታው ሰው ሳይሆን የመቺው የእግር ጀርባ ነው፣ ዶልዮ ቻጊ (ከጎን ዞሮ በእግር ጀርባ የሚመታው ምት) የተጋጣሚ ክርን ላይ ሲያርፍ። የእኛ ሺን ጋርድ (የቅልጥም መከላከያ) ከቁርጭምጭሚት በላይ ስለሚያበቃ እዚያ አይደርስም። ቀስ ብሎ ሲሠራ ግን ክርኑ መቼ እንደሚነሳ ይታያል። መጀመሪያ በውሸት ወደ ጭንቅላት ማሳየት፣ እጁ ሲነሳ ከሥሩ መግባት።

የጅማን ክረምት ለምታውቁት፦ ላብ የጠጣ ሆጉ ቦርሳ ውስጥ ካደረ ይሻግታል። በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጠርጉትና የውስጡን ወደ ውጭ አድርጋችሁ በረንዳ ላይ ስቀሉት። ምድጃ አጠገብ አታድርጉት፣ ስፖንጁ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እንደ ቡናው ነው፣ የሚፈልገው ነፋስ ነው።

ቀጥዬ የምሠራው ዲት ቻጊ (ጀርባ ሰጥቶ ወደ ኋላ የሚመታው ምት) ነው። ሆጉ ለብሶ ዝም ብሎ የሚገባን ሰው የሚያቆመው እሱ ስለሆነ ከናንተ መሀል በደንብ የያዘው ካለ ጉልበት አወጣጡን ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።